የትከሻ አንከር የሚለቀው የት ላይ ነው? ከድሪሉ እስከ ቋጠሮው

ትከሻው ደጋግሞ የሚወልቅበት ሰው ኦፕሬሽን ሲደረግለት፣ ከግሌኖይድ (የክንዱ አጥንት ራስ ከሚያርፍበት የትከሻ ጽዋ) ጠርዝ የተላቀቀው ላብረም (ጠርዙን የከበበው ለስላሳ ከንፈር) ወደ ቦታው ተመልሶ በአንከር (አጥንት ውስጥ በሚቀበር ትንሽ የክር ማሰሪያ) እና በክር ይታሰራል። አቅራቢ ብሮሹር ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየው አንከሩ እስኪነቀል ድረስ ስንት ኒውተን እንደሚሸከም ነው። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን የተለካው አንከሩ ወጥ በሆነ የላብራቶሪ ፎም ውስጥ ቀጥ ብሎ ገብቶ፣ በገባበት መስመር ሲሳብ ነው። በሕመምተኛው ትከሻ ውስጥ ጉልበቱ በአምስት ነገሮች ላይ ያልፋል፦ አጥንቱ፣ አንከሩ፣ ክሩ የሚያልፍበት የአንከሩ ዓይን፣ ክሩ ከነቋጠሮው፣ በመጨረሻም ክሩ የነከሰው ሥጋ። ጥገናው የሚጸናው ከአምስቱ ደካማው እስከቻለ ድረስ ብቻ ነው።

ጥሩ አጥንት ውስጥ በትክክል የተቀመጠ ትንሽ አንከር ብዙውን ጊዜ ከ100 ኒውተን በላይ ይችላል፤ 10 ኪሎ ዕቃ አንጠልጥሎ እንደመያዝ ነው። ከእሱ ቀድሞ የሚለቀው አብዛኛውን ጊዜ ክሩ የሚቆርጠው ላብረም፣ የሚንሸራተት ቋጠሮ ወይም በተሳሳተ ማዕዘን የተበሳ አጥንት ነው። ሦስቱም በቀዶ ሐኪሙ እጅ ያሉ ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ለኦርቶፔዲክ ሬዚደንቶች፣ ለኦፕሬሽን ክፍል ነርሶችና አንከር ለሚፈትሹ የባዮሜዲካል ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው።

አጥንቱ መጀመሪያ ይለካ

ከግሌኖይዱ የፊት ጠርዝ ብዙ አጥንት ከጎደለ የትኛውም አንከር አያድንም። ቡርክሃርትና ደ ቢር በ2000 ባወጡት የ194 የአርትሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ የሚሠሩ) ጥገናዎች ውጤት፣ ትልቅ የአጥንት ጉድለት ካልነበራቸው ሕመምተኞች ትከሻቸው ዳግም ያስቸገራቸው 4 በመቶ ነበሩ፤ ጉድለት ከነበራቸው ግን 67 በመቶ። ይህን ያህል ልዩነት በአንከር ምርጫ አይገኝም።

አለካኩ እንዲህ ነው። በሲቲ ስካን የክንዱ አጥንት ራስ ተቀንሶ ግሌኖይዱ ፊት ለፊት በሚታይበት ምስል ላይ፣ ከታችኛው ሁለት ሦስተኛ ክፍል ጋር የሚገጥም ክብ ይሳሉ። ከክቡ ፊት ለፊት የጎደለውን ስፋት በክቡ ዲያሜትር አካፍለው በ100 ያባዙ። ዲያሜትሩ 26 ሚሊሜትር፣ ጉድለቱ 5 ሚሊሜትር ከሆነ 19 በመቶ ነው። (በወርድ የተሰላውና በጠቅላላ የገጽ ስፋት የተሰላው በመቶኛ አንድ አይደሉም፤ የትኛውን እንደተጠቀሙ በካርዱ ላይ ይጻፍ።) ከ20 እስከ 25 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ነገሩ ከአንከር ወጥቶ ሚሼል ላታርዤ በ1954 ወደገለጸው አጥንት የማዛወር ኦፕሬሽን ያመራል። ወደ 13.5 በመቶ ከተጠጋ ደግሞ፣ በተለይ ሕመምተኛው ተጋጭቶ የሚጫወት ስፖርተኛ ከሆነ፣ ላብረም መስፋት ብቻውን በቂ ነው ብሎ መቸኮል አይገባም። በክንዱ አጥንት ራስ ጀርባ ያለው ጉድጓድም በዚያው ሲቲ ስካን፣ ራሱ ባልተቀነሰበት ምስል ላይ አብሮ ይታይ።

የትኛው አንከር

ለግሌኖይድ የሚሆነው ዲያሜትሩ ከ3 ሚሊሜትር የማይበልጥ ነው። 4.5 ወይም 5.5 ሚሊሜትር የሆነው የሮታተር ካፍ (ትከሻን የሚያዞሩ ጡንቻዎች) ጅማትን በክንድ አጥንት ላይ ለማሰር የተሠራ ነው፤ ግሌኖይድ ጠርዝ ላይ ከገባ ጠርዙን ይሰነጥቃል።

ቲታኒየም ጥርሱ አጥንት ውስጥ በደንብ ይነክሳል፣ በራጅም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ችግሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ከቀረ የክንዱን አጥንት ራስ ካርቲሌጅ (የመገጣጠሚያውን ለስላሳ ልባስ) እንደ ሞረድ መብላቱና በኤምአርአይ ላይ ጥላ መጣሉ ነው። ፒክ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ አይሟሟም፣ ምስል አያበላሽም፤ በራጅ ግን አይታይም። ከሚሟሟሙት ውስጥ ፖሊግላይኮሊክ አሲድ በሳምንታት ውስጥ ጉልበቱን ስለሚያጣና አጥንትን ስለሚያስቆጣ ለዚህ ሥራ ተትቷል። ፖሊላክቲክ አሲድ በተቃራኒው ለዓመታት ይቆያል። ዛሬ የተለመደው ፖሊላክቲክ ከካልሲየም ፎስፌት ጋር የተቀላቀለበት ነው። የሚሟሟሙት ሁሉ የጋራ ድክመት ተሰባሪነት ነው፤ የወጣት ጠንካራ አጥንት ውስጥ ቀዳዳው በደንብ ሳይከፈት በመዶሻ ከተመቱ አንገታቸው ይቀነጠሳል።

ሙሉ በሙሉ ከክር የተሠራው አንከር ከ1.4 እስከ 1.8 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበቃዋል። አያያዙ ከሌሎቹ ይለያል። ጥርስ የለውም፤ ክሩ ሲሳብ እጅጌው ተኮማትሮ እንደ ጉብ ይሆንና ከጠንካራው የአጥንት ቅርፊት ሥር ይሰነቀራል። ሸሚዝ ላይ ያለ ቁልፍ በጨርቁ ማዶ ሆኖ እንደሚይዘው ማለት ነው። ጨርቁ ከሌለ ቁልፉ ምንም አይዝም። ስለዚህ ይህን አንከር ለመጠቀም ያሰበ ሰው ቀዳዳው የሚበሳበትን ቦታ እስከ ስፖንጅ መሰሉ አጥንት ድረስ መፋቅ የለበትም።

ስለ ማምከን አንድ ነገር። ፖሊላክቲክ አሲድ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይለሰልሳል፤ አውቶክሌቭ የሚሠራው በ121 ወይም በ134 ዲግሪ ነው። ፓኬቱ ተከፍቶ ሳይገባ የቀረ አንከር ዋጋው ቢያሳዝንም ተመልሶ አይቀቀልም፤ መልኩ ደህና መስሎ ልኩና ጥንካሬው ይለወጣል። በሙቅ መጋዘን የከረመ ሳጥንም የሙቀት ምልክቱ ሳይታይ አይከፈት።

ቀዳዳው

ቦታዎቹ የሚጠሩት በሰዓት ገጽ ነው። እዚህ የሚፈለገው በግድግዳ ሰዓት ላይ ቁጥሩ የተጻፈበት ቦታ ነው፦ 12 ከላይ፣ 6 ከታች፣ 3 ወደ ፊት። የግራ ትከሻ በመስታወት እንደተገለበጠ ታስቦ ፊቱ ያው 3 ይባላል። ለተለመደው የፊት ለፊት ጉዳት አንከሮቹ 5፡30፣ 4፡30 እና 3፡30 አካባቢ ይቀመጣሉ። ሦስት ዝቅተኛው ነው፤ ቧሎና ባልደረቦቹ በ2006 ባወጡት የ91 ሕመምተኞች ጥናት ሦስትና ከዚያ በታች አንከር የተደረገላቸው ትከሻቸው ዳግም የማስቸገር ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር። አራተኛ የሚያስገባ ቦታ ካለ ይግባ።

መጀመሪያ ላብረሙ እስከ 6 ሰዓት ድረስ ይለቀቅ። ከሥሩ የሰብስካፑላሪስ ጡንቻ ቀይ ጭረቶች ካልታዩ ገና አልተለቀቀም፤ ያልተለቀቀ ላብረም ወደ ላይ ሲጎተት ክሩን ሁልጊዜ ወደ ታች ይስባል፣ ቋጠሮው ገና ከመታሰሩ ጭነት ተሸክሞ ይጀምራል። ከዚያ የግሌኖይዱ አንገት ላይ ያለው አጥንት ደም እስኪያወጣ ድረስ በራስፕ (በሞረድ) ይሻከር።

የቀዳዳው አፍ ከጠርዙ ወደ ግሌኖይዱ ፊት 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ገባ ብሎ ይሁን። አንገቱ ላይ ከተበሳ ላብረሙ ወደ ውስጥ ተሰርቆ ይድናል፣ መከታነቱም ይጠፋል። ማዕዘኑ ከግሌኖይዱ ፊት ወደ 45 ዲግሪ ነው።

አስቸጋሪው 5፡30 ነው፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም እሱ ነው። ከሰብስካፑላሪስ በላይ ባለው የተለመደ የፊት ፖርታል (መግቢያ ቀዳዳ) በኩል ጋይዱ (ድሪሉን የሚመራው ቱቦ) ወደዚያ ሲወርድ ከግሌኖይዱ ፊት ጋር ትይዩ ወደ መሆን ያዘነብላል። ያኔ ከሁለት አንዱ ይከሰታል። ወይ ድሪሉ ከካርቲሌጁ ሥር ተንሸራቶ ልባሱን ያነሳዋል፤ ወይም በቀጭኑ የታችኛው አጥንት ማዶ ይወጣል። ማዶው ከተበሳ ጠንካራው አንከር የሚነክሰው አጥንት ይቀንሳል፣ የክሩ አንከር ደግሞ ጭራሽ ማዶ ወጥቶ ሊከፈት ይችላል። መፍትሔው ጋይዱን በጉልበት ማጣመም አይደለም። በሰብስካፑላሪስ ውስጥ የሚያልፍ ዝቅ ያለ ቀጭን መግቢያ በመርፌ አቅጣጫው ከተረጋገጠ በኋላ ይከፈታል፣ ወይም የታጠፈ ጋይድና ተጣጣፊ ድሪል ይወሰዳል።

በሚበሱበት ቅጽበት የጋይዱ ጥርሶች አጥንቱን ነክሰው መቆማቸውን በካሜራ ይዩ። ድሪሉ አንድ ጊዜ እስከ ማቆሚያው ይግባ፣ አንድ ጊዜ ይውጣ። ሁለት ሦስቴ መመላለስ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ 1.8 ሚሊሜትር ቀዳዳ ላይ የምትጨመር ትንሽ ስፋት አያያዙን በግልጽ ትቀንሰዋለች። ድሪሉ ወጥቶ አንከሩ እስኪገባ ጋይዱን የያዘው እጅ አይነቃነቅ። ረዳቱ አንከሩን ሊቀበል ዞር ሲል ጋይዱ በትንሹ ከተነሳ ቀዳዳው ይጠፋል፤ ፈልጎ ማግኘት ስለማይቻል በጎኑ ሌላ ይበሳል፣ አሁን ሁለት የተጠጋጉ ቀዳዳዎች አሉ ማለት ነው።

የተጠጋጉ ቀዳዳዎች የራሳቸው መዘዝ አላቸው። በመካከላቸው ቢያንስ 5 ሚሊሜትር ጤነኛ አጥንት ይቅር። ጠርዙ ላይ በአንድ መስመር የተደረደሩ ሰፋፊ ቀዳዳዎች እንደ ቴምብር ጠርዝ ይሆናሉ፤ ሕመምተኛው ከወራት በኋላ ሲወድቅ አጥንቱ በቀዳዳዎቹ መስመር ተቀድዶ ይነሳል። ስብራቱ በዚሁ በቴምብር ስም ይጠራል፤ አራትና ከዚያ በላይ አንከር ሲያስፈልግ ትንንሾቹን መምረጥ የሚገባውም ለዚህ ነው።

ማስገባትና ማጥበቅ

ጠንካራው አንከር በጋይዱ መስመር፣ በቀላል የመዶሻ ምት፣ መያዣው ላይ ያለው ምልክት ከአጥንቱ እስኪስተካከል ይገባል። ራሱ ከካርቲሌጁ በታች ይሁን፤ ከፍ ብሎ የቀረ አንከር ብረትም ሆነ ፕላስቲክ ተቀባይነት የለውም። ከልክ በላይ መጥለቅም ጥፋት ነው፤ ክሩ ከጥልቁ ሲወጣ የቀዳዳውን አፍ እንደ መጋዝ ይከረክራል፣ በየዑደቱም ትንሽ ትንሽ ይላላል። የአንከሩ ዓይን ክሩ ከሥጋው ወደ ቋጠሮው በሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር፤ ተጠምዝዞ የሚያልፍ ክር ዓይኑ ጠርዝ ላይ ይፋቃል።

የክሩ አንከር ሌላ እጅ ይፈልጋል። መያዣው ከወጣ በኋላ ሁለቱን የክር ጫፎች እኩል ይያዙና በቀዳዳው መስመር በእርጋታ ይሳቡ። መጀመሪያ ትንሽ ይመጣል፤ እጅጌው እየተኮማተረ ነው። ከዚያ በድንገት ይቆማል፣ እጅም ቅርፊቱን መያዙን ያውቀዋል። ያ መቆም ካልመጣና ክሩ እየተከተለ ከሆነ ቅርፊቱ ደካማ ነው ወይም ተፍቋል፤ በዚያ አንከር ላይ ቋጠሮ አይሠራም። በድንገት መንጨት አይገባም፣ ደግሞም አሳንሶ መሳብ አይገባም። ወደ 60 ኒውተን፣ ማለትም ወደ 6 ኪሎ የሚጠጋ ስበት ያላየ አንከር ሕመምተኛው ክንዱን ሲያንቀሳቅስ መኮማተሩን ይጨርሳል፤ ያቺ ጭማሪ ጉዞ በላብረሙና በአጥንቱ መካከል ክፍተት ትሆናለች።

6 ኪሎ ምን ያህል እንደሆነ እጅ በግምት አያውቅም። ከሉካንዳ የበግ ወርች ገዝቶ የብራኳውን ጽዋ ማጽዳት፣ አንከሩን ማስገባትና ክሩን ለሻንጣ በሚያገለግል ተንጠልጣይ ዲጂታል ሚዛን መሳብ ይቻላል። አሥር ጊዜ ቁጥሩን እያዩ፣ አሥር ጊዜ ደግሞ ሳያዩ ይሳቡ። የበግ አጥንት ከአረጋዊ ሰው አጥንት ይጠነክራል፤ ልምምዱ ለእጅ ነው እንጂ ለአጥንቱ መለኪያ አይሆንም።

ሥጋውና ቋጠሮው

ክሩ የሚነክሰው ላብረሙን ብቻ ከሆነ ይቆርጠዋል። ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ካፕሱል (የመገጣጠሚያው ከረጢት) አብሮ ይያዝ፤ ክሩም ከአንከሩ ዝቅ ብሎ ይለፍ፣ ሲታሰር ሥጋው ወደ ላይ እንዲወጣ። ላብረሙ የሳሳ ከሆነ ከክብ ክር ይልቅ ጠፍጣፋው ቴፕ ይሻላል፣ ጉልበቱን በሰፊ ቦታ ስለሚያከፋፍል። ሲታሰር የታችኛው አንከር ክር ይቀድማል። ከመቋጠር በፊት የክንዱ መጎተቻ ይላላና የክንዱ አጥንት ራስ ግሌኖይዱ መሐል ይቀመጥ፤ ክንዱ ተጎትቶ የታሰረ ቋጠሮ ክንዱ ሲመለስ ላልቶ ይገኛል።

ዛሬ የምንጠቀምባቸው የፖሊኤትሊን ክሮች ከድሮው ፖሊስተር በብዙ ይጠነክራሉ፤ ግን ያዳልጣሉ። ክሩ ሳይበጠስ ቋጠሮው የሚፈታው ለዚህ ነው። ተንሸራታች ቋጠሮ ከተሠራ በኋላ ቢያንስ ሦስት ግማሽ ቋጠሮዎች ይከተሉት፤ እያንዳንዱ አቅጣጫው ተገልብጦ፣ ምሰሶ የሚሆነው (ሌላው ጫፍ የሚጠመጠምበት) ክርም ተቀያይሮ። ሦስቱንም በአንድ ምሰሶ ላይ በአንድ አቅጣጫ መደርደር ቁጥር መጨመር ብቻ ነው፤ ሲሳብ እንደ ዶቃ ተከታትሎ ይወርዳል። እያንዳንዱ በመግፊያው ወርዶ ከቋጠሮው አልፎ ይጥበቅ። ተንሸራታቹ ቋጠሮ ሲሠራ ምሰሶው በሥጋው በኩል ያለው ጫፍ ይሁን፣ ቋጠሮው ከካርቲሌጁ ርቆ እንዲያርፍ። ጫፉ 3 ሚሊሜትር ያህል ቀርቶ ይቆረጥ። ክሩን ጥርስ ባለው መያዣ የነከሰ ሰው ክሩን አቁስሎታል።

ቋጠሮ አልባው አንከር ይህን ሁሉ ያስቀራል ማለት አይደለም፤ ችግሩን ወደ ማጥበቂያው ያዛውረዋል። ውጥረቱ የሚወሰነው አንከሩ ከመቆለፉ በፊት ነው፤ ወደ ቀዳዳው ሲገፋ ላብረሙን ይዞት ስለሚሄድ ቀድሞ ሙሉ በሙሉ ከተወጠረ ሥጋው ይታነቃል።

በላብራቶሪ ለሚፈትሽ

የአጥንት ምትክ የሚሆነው ፖሊዩረቴን ፎም ነው፤ በሜትር ኪዩብ 160 ኪሎ ያለው የደካማ፣ 320 ኪሎ ያለው የጠንካራ ስፖንጅ አጥንት ምትክ ሆኖ ያገለግላል። ለክር አንከር ከላዩ እንደ ቅርፊት የሚያገለግል የጠጠረ ንብርብር የግድ ነው፤ ያለዚያ ፈተናው አንከሩን ባልተሠራለት ቦታ ይፈትነዋል። አንከሩ ገብቶ ከጠበቀ በኋላ 10 ኒውተን ቅድመ ጭነት፣ ቀጥሎ ከ10 እስከ 60 ኒውተን በሰከንድ አንድ ዑደት 200 ጊዜ፣ በመጨረሻም በማይለዋወጥ ፍጥነት እስኪለቅ መሳብ። የሚመዘገቡት፦ ከዑደቶቹ በኋላ የተንቀሳቀሰበት ርቀት፣ 2 ሚሊሜትር ሲደርስ የነበረው ጉልበት፣ የመጨረሻው ጉልበት፣ የለቀቀውም ምን እንደሆነ (አንከሩ ተነቀለ፣ ዓይኑ ተሰበረ፣ ክሩ ተበጠሰ ወይስ ቋጠሮው ተንሸራተተ)።

ቋጠሮን ለብቻው ለመፈተን ዙሪያው 30 ሚሊሜትር የሆነ ቀለበት በሁለት የብረት ዘንጎች ላይ ይታሰራል፤ 3 ሚሊሜትር ከረዘመ ባይፈታም እንደለቀቀ ይቆጠራል።

ውጤት ሲነበብ ዓይን መሄድ ያለበት ወደ መጨረሻው ጉልበት ሳይሆን ወደ ርቀቱ ነው። አንዱ አንከር በ250 ኒውተን ተነቅሎ በዑደቶቹ ግን 3 ሚሊሜትር ቢንቀሳቀስ፣ ሌላው በ180 ተነቅሎ 1 ሚሊሜትር ብቻ ቢንቀሳቀስ፣ ለላብረም የሚሻለው ሁለተኛው ነው። የተሰፋ ትከሻ በማንጠልጠያ ውስጥ ሆኖ 250 ኒውተን አያይም፤ በትንሽ ጉልበት ሺህ ጊዜ ይነቃነቃል፣ በሦስት ሚሊሜትር ክፍተት ላይ ደግሞ ላብረም ከአጥንት ጋር ለመጣበቅ ይቸገራል።

ሲበላሽ

ሕመምተኛው ገና የኦፕሬሽን ጠረጴዛ ላይ እያለ አንከሩ ከተነቀለ ያንኑ መጠን ወደዚያው ቀዳዳ አይመልሱ። ወይ ዲያሜትሩ ከፍ ያለ ጠንካራ አንከር እዚያው ይግባ፣ ወይም 5 ሚሊሜትር ርቆ አዲስ ይበሳ። ክሩ ከዓይኑ ካመለጠና አንከሩ በትክክል ጠልቆ ከተቀመጠ ቢተው ይሻላል፤ ለማውጣት መቆፈር ጠርዙን ያጠፋዋል። ከኦፕሬሽን በኋላ ክንዱ ሲዞር የሚንኳኳ ድምፅና ሕመም ከመጣ ከፍ ብሎ የቀረ አንከር ወይም ካርቲሌጅ ላይ ያረፈ ቋጠሮ ይጠርጠር። ሲቲ ስካን በቀናት ውስጥ ይነሳ፤ በፊዚዮቴራፒ ይስተካከላል ብሎ ሁለት ወር መጠበቅ ካርቲሌጁን ያስበላል።

ክንዱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በማንጠልጠያ ይቆያል። እስከ 6ኛው ሳምንት ወደ ውጭ ማዞር ከ30 ዲግሪ አይለፍ፤ ክንድን አንስቶ ወደ ኋላ ማዞር እስከ 12ኛው ሳምንት ይቆይ፤ መጋጨት ያለበት ስፖርት ከ5 ወይም 6 ወር በፊት አይጀመር። ሕመምተኛውና ቤተሰቡ በግልጽ መስማት ያለባቸው አንድ ነገር አለ፦ ትከሻው ጠጠረ ተብሎ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ መታሸት ወይም መጎተት የለበትም። በእነዚያ ሳምንታት ትከሻውን የያዘው ክሩ ብቻ ነው።

በኦፕሬሽን ማስታወሻው ላይ የአንከሩ ዓይነት፣ ዲያሜትሩ፣ ብዛቱና እያንዳንዱ የተቀመጠበት የሰዓት ቦታ ይጻፍ፤ የፓኬቱ ተለጣፊም ካርዱ ላይ ይለጠፍ። ትከሻው ከዓመታት በኋላ ዳግም ቢከፈት፣ በራጅ የማይታይ የፒክ አንከር የት እንዳለ ለሚቀጥለው ሐኪም የሚነግረው ያ ወረቀት ነው።